የኋላ ጎማ የሚገፋው መኪና በክረምት መንገድ፦ ከሀዋሳ እስከ ሲዳማ ደጋ

በሀዋሳ መንገዶች ላይ ከምናያቸው ተሽከርካሪዎች በርካቶቹ የሞተራቸውን ጉልበት ወደ መሬት የሚያደርሱት በኋላ ጎማቸው ነው። ሰው የሚያመላልሰው የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ፣ ቡና የሚጭነው አይሱዙ፣ ፎር ዊል የሌለው ፒክአፕ፣ ባጃጁም ጭምር የዚህ ወገን ናቸው። ከቤት መኪኖች መካከል ኮሮላ ሴዳን እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው አዲስ ሞዴሉ ወደ ፊት ጎማ በመዛወሩ፣ ከዚያ ወዲህ በቤት መኪና መንዳት የለመደ ብዙ ሰው የኋላ ጎማን ጠባይ ሳያውቅ ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በየከተማው እየበዙ የመጡት ባለ አንድ ሞተር የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 መኪኖች የሚገፉት በኋላ ጎማ በመሆኑ፣ የሚኒባስ ሾፌሩ በልምድ የሚያውቀውን የቤት መኪና አሽከርካሪውም አሁን መማር ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእነዚህ አሽከርካሪዎች፣ በተለይም ከሀዋሳ በቱላ አልፈው ወደ ይርጋለም፣ ወደ አለታ ወንዶና ወደ ሀገረ ሰላም በክረምት ለሚመላለሱት ነው።

ጎማ በአንድ ጊዜ ሊሠራ የሚችለው ሥራ የተወሰነ ነው። መሬቱን የሚይዝበት አቅም በመግፋት፣ በማቆምና መኪናውን በኩርባ ላይ በመያዝ መካከል ይከፋፈላል፤ ለአንዱ የዋለው ለሌላው አይተርፍም። የፊት ጎማ በሚጎትተው መኪና መጎተቱም መዞሩም በፊት ጎማዎች ላይ ስለሚወድቅ፣ አቅማቸው ሲያልቅ መሪው ቢዞርም መኪናው ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አሽከርካሪው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መስመሩ ይመለሳል። የኋላ ጎማ በሚገፋው መኪና ግን መኪናውን የሚገፉትም፣ የኋላውን ክፍል በመስመሩ ላይ የሚይዙትም እነዚያው ሁለት ጎማዎች ናቸው። በኩርባ መሃል ነዳጅ ሲጨመር ለመግፋት የዋለው አቅም ኋላውን ከመያዝ ይቀነሳል። አስፋልቱ ደረቅ ሲሆን ይህ ለአሽከርካሪው አይታወቀውም፤ ሲረጥብ ግን የመኪናው ኋላ ወደ ኩርባው ውጭ ይሸሻል፣ አፍንጫውም ወደ ውስጥ ይዞራል። ከዚህ በታች የሚሰጠው ምክር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፦ የኋላ ጎማዎችን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ አያሠሯቸው፤ ነዳጅም ይሁን ፍሬን ወይም መሪ፣ ማንኛውንም ነገር በድንገት አይስጧቸው።

በቀስታ መሄድ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄደ በአንድ የነዳጅ እርግጫ ብቻ ዞሮ ቦይ የሚገባ መኪና አለ። ይሁንና የፍጥነትን ነገር በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። በደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ጎማ መሬቱን የሚይዝበት ኃይል ከተሸከመው ክብደት 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ አስፋልቱ ሲረጥብ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፣ በረጠበ ቀይ አፈር ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘበት ቦታ አንስቶ በደረቁ 18 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል፤ የመያዝ አቅሙ በግማሽ ሲቀንስ 35 ሜትር፣ ወደ ሩብ ሲወርድ 70 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። አደጋውን አይቶ እግር ፍሬኑን እስኪረግጥ የሚያልፈው 1 ሰከንድ ደግሞ ሌላ 17 ሜትር ይጨምራል። ስለዚህ በበጋ ከፊትዎ ካለው መኪና ጋር የለመዱትን ርቀት በክረምት ቢያንስ እጥፍ ያድርጉት።

በእኛ አካባቢ ዝናቡ ሰኔን አይጠብቅም፤ በልጉ ከመጋቢት ጀምሮ ይጥላል። ለወራት በፀሐይ የቆየ አስፋልት አቧራ፣ የፈሰሰ ዘይትና የጎማ ፍርፋሪ ተሸክሞ ስለሚቆይ፣ የመጀመሪያው ካፊያ ይህን ሁሉ አላቁጦ በመንገዱ ላይ ስስ የሚያንሸራትት ሽፋን ያበጃል። ዶፍ ዘንቦ አስፋልቱን ካጠበው በኋላ ያለው መንገድ ከዚህ ካፊያ ይልቅ የተሻለ ነው። በተለይ አውቶቡሶችና ከባድ መኪኖች ቆመው በሚነሱባቸው በመናኸሪያና በነዳጅ ማደያ መግቢያዎች፣ እንዲሁም በአደባባዮች ዙሪያ ይህን አስቡ።

ገንዘብ ካለ አስቀድሞ ሊወጣበት የሚገባው ጎማ ነው። በረዶ ለወራት መሬት ላይ በሚቆይባቸው አገሮች የኋላ ጎማ የሚገፋው የስፖርት መኪና ያላቸው ሰዎች ወቅቱን የሚያልፉት ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የማይደርቅ ለስላሳ የበረዶ ጎማ አስረው ነው፤ ሰፊው የበጋ ጎማቸው በዚያ ብርድ ይጠነክርና መሬት መያዝ ያቆማል። እኛ የበረዶ ጎማ አያስፈልገንም፤ ግን ደረቅና ሊሾ የሆነ ጎማ እዚህም ያንኑ ያደርጋል። በጎማው ቦዮች ውስጥ አምራቹ ያበጃቸው ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ከፍታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ተበልቶ ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል፤ ለዝናብ መንገድ ግን 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መለወጡ ይሻላል፤ ቦዩ ሲያጥር የተኛውን ውሃ ገፍቶ ማስወጣት ያቅተውና ጎማው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ጎማው ያገለገለ ከሆነ ዕድሜውንም ይመልከቱ። ከጎኑ ላይ "ዲኦቲ" ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ ከሚመጣው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2321 ማለት እ.ኤ.አ. በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማው በዕድሜ ብዛት የደረቀና የተሰነጣጠቀ ከሆነ አይግዙት።

በአንድ ጊዜ ሁለት ጎማ ብቻ የመግዛት አቅም ካለዎት አዲሶቹን ከኋላ ያስሩ። ጎሚስታው "ከፊት ልሰርልዎ" ቢልም እንኳ በዚህ ይጽኑ፤ የፊት ጎማ ሲንሸራተት አሽከርካሪው ፍጥነት ቀንሶ ሊያስተካክለው ይችላል፣ የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል፣ ሲዞር ደግሞ ለማሰቢያ የሚቀረው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በአንድ አክሰል ላይ የተለያየ ዓይነትና የተለያየ ጥርስ ያላቸውን ጎማዎች ማሰርም መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን እንዲስብ ያደርጋል። ንፋሱ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሁን፤ ከልኩ በላይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካው በመሃሉ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ሃይኤስ ሚኒባስ ሞተሩ ከፊት መቀመጫዎች ሥር ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ ኋላው ቀላል ነው፤ ባዶ ፒክአፕና ባዶ አይሱዙም እንዲሁ። ተሳፋሪ ጥቂት ከሆነ ወደ ኋላ ወንበሮች እንዲቀመጡ በትህትና ይጠይቁ። በፒክአፕ ላይ 50 ኪሎ የሚይዙ 2 ወይም 3 ከረጢት አሸዋ ከኋላ አክሰሉ በላይ አስቀምጦ በገመድ ጠፍሮ ማሰር ጥሩ ነው፤ ያው አሸዋ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ከጎማው ሥር ሊበተን ይችላል። ከረጢቶቹን ከአክሰሉ አሳልፎ ወደ ጭነቱ በር ማስጠጋት ግን ጉዳት አለው፤ የፊት ጎማዎች ይቀሉና መሪው መታዘዝ ይቀንሳል፣ ኋላው አንዴ መሸሽ ከጀመረም ክብደቱ ይዞት ይሄዳል።

መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ማርሹ 2ኛ ቢሆን ይመረጣል፤ በ1ኛ ማርሽ ወደ ጎማው የሚደርሰው ጉልበት ለጭቃ ይበዛል። ፍሪሲዮኑን በዝግታ እየለቀቁ ነዳጁን ጥቂት ብቻ ይስጡ፤ ጎማው ባዶውን መሽከርከር ከጀመረ ነዳጁን ቀንሱ እንጂ አይጨምሩ። የኤሌክትሪክ መኪና የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአይዲ 4 የኋላ ሞተር 310 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል አለው፤ የነዳጅ ሞተር ጉልበቱን ለመስጠት ዙሩ እስኪጨምር ሲጠብቅ፣ ይህ ገና እግር ከመጫኑ ይሰጣል። ስለዚህ ዝናብ ሲኖር የማሽከርከሪያ ሁኔታውን በ"ኢኮ" ያድርጉ።

የኤሌክትሪክ መኪና ሌላም ልዩ ነገር አለው፤ ብዙ ባለቤቶችም ልብ አይሉትም። እግር ከኃይል መስጫው ሲነሳ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ በኋላ ጎማ በሚገፋው መኪና ይህ ፍሬን የሚያርፈው በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ነው። በ"ቢ" ማርሽ ላይ አያያዙ ይበረታል። ስለዚህ በሚያንሸራትት ኩርባ መሃል ደንግጦ እግርን በአንድ ጊዜ ማንሳት፣ የእጅ ፍሬን ጥቂት የመሳብ ያህል ኋላውን ሊያሸሽ ይችላል። መኪናው መረጋጊያ ሥርዓት ስላለው ጉልበቱን ቀንሶ ለማረም ይሞክራል፤ ሆኖም ሥርዓቱ ጎማው ከመሬቱ ጋር ካለው አቅም በላይ ሊሰጥ አይችልም። ቁልቁለትና ኩርባ በበዛበት እርጥብ መንገድ ላይ በ"ዲ" መሄድና እግርን በቀስታ ማንሳት ይሻላል። በማንዋል መኪናም ነገሩ አንድ ነው፤ በኩርባ ውስጥ ማርሽ ቀንሶ ፍሪሲዮኑን በድንገት መልቀቅ የኋላ ጎማዎችን ለቅጽበት ያስራቸዋል።

በኩርባ ላይ ሥራዎቹን በተራ ይሥሩ። ፍሬኑ መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ ይያዝና ከመዞሩ በፊት ይለቀቅ፤ ማርሹም ከዚያው በፊት ይቀነስ፤ በኩርባው ውስጥ ነዳጁ ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲሁ ይያዝ፤ መሪው ወደ ቀጥታው መመለስ ሲጀምር ብቻ ነዳጁ ጥቂት በጥቂት ይጨመር። በከተማ ውስጥ ይህ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በአደባባይ ላይ ነው፤ ባጃጅ ቀድሞ እንዳይገባ ብሎ መሪ ጠምዝዞ ነዳጅ መርገጥ የኋላ ጎማ የሚገፋው መኪና ፈጽሞ የማይወደው ነገር ነው። በሰፈር ውስጥ ያለው የኮብልስቶን መንገድም ቀላል መስሎ ያታልላል፤ ድንጋዩ በጎማ ብዛት ተወልውሎ የለሰለሰ በመሆኑ፣ ዝናብ ሲነካው ከአስፋልት ይልቅ ያንሸራትታል፣ በተለይም ከየግቢው የወጣ ጭቃ ሲቀባው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የመኪናው ኋላ ሊሸሽ ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት የሚሰማው በዓይን ሳይሆን በመቀመጫ ነው፤ ወገብ ወደ ጎን ሲሳብ፣ መኪናው ከመሪው በላይ ሲዞር ይታወቃል። በዚህ ጊዜ ፍሬን አይንኩ። እግርዎን ከነዳጁ በቀስታ ያንሱ፤ መኪናው ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን ይርገጡ፣ የኋላ ጎማዎች ከሞተሩ ሲላቀቁ መሬቱን መልሰው መያዝ ይቀላቸዋል። ዓይንዎ ሊሄዱበት በሚፈልጉት መንገድ ላይ ይሁን፤ ቦዩን የሚያይ ሰው እጁም ወደ ቦዩ ይሄዳል። መሪውን ኋላው ወደ ሸሸበት አቅጣጫ ያዙሩ፦ ኋላው ወደ ቀኝ ከሸሸ መሪው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሸሸ ወደ ግራ። ኋላው መመለስ እንደ ጀመረ መሪውንም አብረው ይመልሱ። ብዙ ሰው መኪና የሚገለብጠው በመጀመሪያው መንሸራተት ሳይሆን በሁለተኛው ነው፤ መሪውን አዙሮ ይዞ ሲዘገይ መኪናው መሬቱን በድንገት ይይዝና በተቃራኒው አቅጣጫ ይወረወራል።

ይህን በንባብ ብቻ መልመድ አይቻልም። ባለቤቱ የፈቀደው፣ ሰፊ፣ ዛፍና ምሰሶ የሌለበት፣ ሰውና ከብት የማያልፍበት ሜዳ ፈልጎ ከዝናብ በኋላ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሞከር ይጠቅማል። ልምድ ያለው ሾፌር አጠገብ ቢቀመጥ መልካም ነው። ሚኒባስና አይሱዙ ቁመታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ለዚህ ልምምድ አይሆኑም።

ከዋናው አስፋልት ወደ ቀበሌዎቹ የሚገቡት የቀይ አፈር መንገዶች ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። ይህ አፈር ሲደርቅ ጠንካራ ነው፤ ዝናብ ሲያገኘው የላይኛው ጣት ያህል ውፍረት ብቻ ይላቁጥና ሥሩ ደረቅ ሆኖ ስለሚቆይ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። መንገዱ ውሃው ወደ ሁለቱም ጎን እንዲፈስ መሃሉ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ፣ ከመሃሉ የወጣ መኪና ወደ ቦዩ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ከፊት የሚመጣ ከሌለ መሃሉን ይያዙ። ጎማ ያበጀው ሸንተረር ካለና ጥልቀቱ የመኪናውን ሆድ የማያስነካ ከሆነ በእርሱ መከተል ጥሩ ነው፤ ከሸንተረሩ ለመውጣት መሪ መጠምዘዝ ግን ኋላውን ይጥለዋል።

በዳገት ላይ የኋላ ጎማ የሚገፋው መኪና ብልጫ አለው፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል የሚገፉት ጎማዎች ይበልጥ ይጫናሉ። ከታች ቆም ብለው ዳገቱን እስከ ላይ ይመልከቱት፤ የሚወርድ መኪና ካለ ይውረድ። ከዚያ 2ኛ ማርሽ አስገብተው መጠነኛ ፍጥነት ከታች ይዘው ይውጡና ነዳጁን ሳይለዋውጡ እስከ ጫፉ ይሂዱ። መሃል ላይ አቅም ካነሰው ጎማውን አያሽከርክሩ፤ ቀጥ ብለው በኋላ ማርሽ ወርደው እንደገና መጀመር ይሻላል። ቁልቁለቱ ግን አስቸጋሪው ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፤ ስለዚህ ማርሹ ጫፍ ላይ ሳሉ ይመረጥ፣ መሃል ላይ አይቀየር፤ ፍሬኑም በትንሹ እየተያዘ ይለቀቅ።

ከጭቃው ወደ አስፋልቱ ሲወጡ መንገዱ አለቀ ብለው ፍጥነት አይጨምሩ። ወርደው ጎማውን ቢያዩት የጥርሱ ቦዮች በሙሉ በቀይ ጭቃ ተደፍነው ከሊሾ ጎማ ጋር አንድ ሆኖ ያገኙታል። ጭቃው በዙር ተወርውሮ እስኪረግፍ ድረስ መጀመሪያ በዝግታ ይሂዱ፤ ፍሬኑንም ከኋላዎ የሚመጣ በሌለበት ቀለል አድርገው ደጋግመው ይሞክሩት።

ወደ ሀገረ ሰላም ከፍ ሲሉ ደግሞ በረዶ ያጋጥማል። የደጋው በረዶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አስፋልቱን ነጭ ሊያደርገው ይችላል፤ ድቡልቡሎቹ ከጎማ ሥር እየተንከባለሉ መሪውንም ፍሬኑንም ያስታሉ። መብራትና ፍሬቻ አብርተው ከመንገዱ ወጥተው መቆም ከሁሉ ይሻላል፤ ዛፍ ሥር ግን አይቁሙ። በሻሸመኔና በዶዶላ አልፈው ወደ ባሌ ሰነቴ ለሚሄዱ ደግሞ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር የሚደርሰው ይህ ሜዳ በበጋ ንጋት ላይ አመዳይ ይጥልበታል፤ ፀሐይ ያላገኘው የመንገድ ክፍል እስኪሞቅ ድረስ የረጋ ውሃ በረዶ ሆኖ ይቆያል። እዚያ ጉዞውን ከረፈደ በኋላ መጀመር ነው።

መኪናው ጭቃ ውስጥ ከቀረ፣ ጎማውን ማሽከርከር ጉድጓዱን ከማስፋት በቀር አይረዳም። ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ጠርገው ከሥሩ ጠጠር፣ ቅርንጫፍ ወይም የያዙትን አሸዋ ያድርጉ። የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ያለው መኪና ጎማው ሲሽከረከር ጉልበቱን ስለሚቆርጥ፣ ለመውጣት ብቻ ያጥፉትና እንደወጡ ወዲያው ይመልሱት። የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል አንዱን ጎማ ብቻ ባዶውን ሲያሽከረክርና ሌላኛው ቆሞ ሲቀር፣ በገመድ የሚሠራ የእጅ ፍሬን ባለው መኪና ፍሬኑን ጥቂት ስቦ ነዳጅ በቀስታ መስጠት የቆመውን ጎማ ሊያስነሳ ይችላል። የሚገፉ ሰዎች ካሉ ከጎን ይሁኑ፤ በቀጥታ ከጎማው ኋላ ማንም አይቁም፤ የሚወረወር ድንጋይ ሰው ይጎዳል። የኤሌክትሪክ መኪናን የኋላ ጎማው መሬት እየነካ በገመድ ርቆ መጎተት ሞተሩን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ከጭቃው ከወጣ በኋላ ተጭኖ እንዲሄድ ያድርጉ።

ቤት ሲደርሱ የቸርኬውን የውስጥ ጎን በውሃ ይጠቡ። እዚያ ደርቆ የሚቀረው ጭቃ ጎማውን ሚዛን ያሳጣውና በማግስቱ በአስፋልት ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ሰው ይህን የመሪ ብልሽት መስሎት ወደ ጋራዥ ይሄዳል። ኋላው በታምቡር ፍሬን የሚሠራ ከሆነ፣ ሃይኤስም የኋላ ጎማ የሚገፋው አይዲ 4ም እንዲሁ ናቸውና፣ ክረምቱ ሲያልቅ ታምቡሩ ተከፍቶ የገባው አፈር እንዲጸዳ መካኒኩን ይጠይቁ።